ኮዱ ይጠቁማል፣ ቮልቱ ይመሰክራል

የቼክ ኢንጅን መብራት ሲበራ ብዙ ባለመኪና ስካነር ያሰካና የወጣውን ኮድ ይዞ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ፍለጋ ይወርዳል። ኮዱ ፒ0118 ከሆነ የውሃ ሙቀት ሴንሰር ይገዛል፤ ሴንሰሩ ተቀይሮ ግን መብራቱ ተመልሶ ሊበራ ይችላል። ኮዱ የሚናገረው ስለ አንድ ዕቃ ሳይሆን ስለ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር ነውና። በመስመሩ ላይ ከሴንሰሩ ሌላ ሽቦ፣ ሶኬት፣ ማሳ (ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር የሚያገናኘው) እና ኮምፒውተሩ ራሱ አሉ።

ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ካርቡሬተር ነዳጅ የሚያቀብለው በአየር ስበት ነበር። ቦሽ ዲ-ጄትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በ1967 እ.ኤ.አ. በቮልስዋገን 1600 ላይ ካወጣ ወዲህ ግን የነዳጁን ልክ መወሰን ወደ ኤሌክትሮኒክስ መዛወር ጀመረ። ዛሬ ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን፣ የሞተሩን ዙርና ሙቀት ከሴንሰሮች ተቀብሎ ነዳጅ የሚረጨው ኢንጀክተር ለስንት ሚሊ ሴኮንድ እንደሚከፈት ያዛል። ኢንጀክተሮቹ በየተራቸው በሚረጩበት ሞተር ላይ፣ በደቂቃ 3000 ዙር ሲደረስ እያንዳንዱ በሴኮንድ 25 ጊዜ ይከፈታል።

ኢንጀክተር በኤሌክትሪክ ማግኔት የሚከፈት ቫልቭ ነው። በብዙ መኪኖች ሁለት ሽቦ ይገባበታል፦ በአንዱ፣ ቁልፉ ሲከፈት፣ የባትሪው ቮልት ይደርሰዋል፤ ሌላውን ኮምፒውተሩ ከማሳ ጋር እያገናኘ ያቋርጠዋል። ስለዚህ አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር «በሦስት» ሲሠራና ጥርጣሬው ኢንጀክተሩ ላይ ሲያርፍ፣ ሦስት ነገር ይጣራል። ቮልት ደርሷል? ይህን መልቲሜትር ይመልሳል፤ ከአራቱም ከጠፋ ወደ ፊውዙና ወደ ሪሌው ነው። ትእዛዝ መጥቷል? ሶኬቱ ላይ የምትሰካ ትንሽ መፈተሻ መብራት ሞተሩ ሲዞር ብልጭ ድርግም ካለች መጥቷል። የውስጡ ጥቅል ሽቦ ጤነኛ ነው? የተለመደው ኢንጀክተር ከ12 እስከ 16 ኦም ያሳያል፤ ከሌሎቹ በጣም የራቀው ተጠርጣሪ ነው።

እዚህ ላይ ኦም ብቻውን ያታልላል። ክሮቹ ተበጣጥሰው አንድ ብቻ የቀረው ሽቦ በኦም መለኪያ ደህና ይመስላል፤ ጭነት ሲመጣ ግን ኤሌክትሪኩን ማሳለፍ ያቅተዋል። ስለዚህ ማሳ የሚለካው በሥራ ላይ እያለ ነው። የመልቲሜትሩን አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርጎ ሞተሩን በቁልፍ ማስነሳት ነው። ንባቡ ከ0.5 ቮልት በላይ ከወጣ የተዛገ ወይም የላላ ማሳ አለ። አንድ መጥፎ ማሳ የብዙ ሴንሰሮችን ንባብ በአንድ ጊዜ ሊያዛባ ይችላል።

አሁን ወደ ፒ0118 እንመለስ። ኮዱ ከሴንሰሩ የሚመጣው ቮልት ከልክ በላይ ነው ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ መስመሩ ተቋርጧል። ባለሁለት ሽቦ ሴንሰር ከሆነ ሶኬቱ ተነቅሎ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ወደ 5 ቮልት መገኘት አለበት። ከዚያ ሁለቱ ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ። በስካነሩ ላይ ሙቀቱ ከ-40 ዲግሪ አካባቢ ተነስቶ ወደ ላይኛው ጫፍ ከዘለለ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ነጻ ናቸው፤ ጥፋቱ ከሴንሰሩ ወይም ከሶኬቱ መያዣ ነው። ካልዘለለ አዲስ ሴንሰር መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አስቸጋሪው ብልሽት መጥቶ የሚሄደው ነው። ሞተሩ ሲሞቅ ወይም መንገዱ ሲያናውጥ ይታይና ጋራዥ ሲደርስ ይጠፋል። መካኒኩ ሞተሩ እየሠራ የሽቦውን እቅፍ በየቦታው ያነቃንቃል፤ ዙሩ በተንገዳገደበት ቦታ ላይ ያተኩራል።

ጋራዥ የገባ ባለመኪና እንግዲህ «ኮዱ ምን አለ?» ብሎ ብቻ አይቁም። «የቱ ጋ ለካችሁት? ስንት ቮልት አገኛችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ቁጥር ያልተሰጠበት የዕቃ ለውጥ ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የሚከፍለውም ባለመኪናው ነው።