እናቱ ጾም መስሏት ነበር

ባለፈው ዓመት በሁዳዴ የሆነውን ላጫውታችሁ። እኔ፣ ታናሽ እህቴና ልጇ የምንኖረው ጀርመንታውን ነው። ስሙን ሰምታችሁ አውሮፓ የመሰላችሁ ካላችሁ፣ በ19ኛው መቶ ዘመን በሰፈሩባት ጀርመን ገበሬዎች የተሰየመች፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ በ270 መንገድ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ የምትገኝ የሜሪላንድ ከተማ ናት። እህቴ ማታ ማታ በአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች፤ እኔ ታክሲዬን እነዳለሁ።

የ22 ዓመቱ ልጇ ጾሙ እንደገባ የቤቱን ሥጋ እርግፍ አድርጎ ተወ። ቆየት ብሎ ጨውና እንጀራም ቀነሰ። እህቴ ደስታዋን አልቻለችውም፤ «ልጄ ጾመልኝ!» እያለች ለቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ሁሉ አወራች። እንቁላልና የዶሮ ሥጋውን ውጭ እንደሚጨርስ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ። ልጁ የሚሰናዳው ለፋሲካ ሳይሆን በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ታይ ቦክስ ሊጋጠም ነው።

ታይ ቦክስ፣ ባለቤቶቹ ሙዋይ ታይ የሚሉት፣ ከምናውቀው ቡጢ ይለያል። ሁለት ጡጫ፣ ሁለት ክርን፣ ሁለት ጉልበት፣ ሁለት ቅልጥም፤ በድምሩ ስምንት መሣሪያ ነው። አንገት ለአንገት ተያይዞ በጉልበት መደቋቆስም ይፈቀዳል። በባንኮክ ዋናው የግጥሚያ አዳራሽ፣ ራጃዳምነርን፣ ከተከፈተ ከ1945 ጀምሮ ነው፤ በ2021 ደግሞ ዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ለስፖርቱ እውቅና ሰጥቶታል። ባለሙያዎቹ ሦስት ሦስት ደቂቃ አምስት ዙር ይፋለማሉ። የእኛ ልጅ ጀማሪ ስለሆነ የተፈቀደለት ሁለት ሁለት ደቂቃ ሦስት ዙር፣ ከቅልጥም መከላከያ ጋር፣ ክርን ሳይጨምር ነው።

ሰኞ ወደ ልምምዱ ስፍራ ሳደርሰው ሲያደቅቁት ለማየት ተዘጋጅቼ ነበር። እኔም በወጣትነቴ አዲስ አበባ በቀበሌ ክበብ ጥቂት ቦክስ ሞካክሬአለሁ፤ እኛ እስከ ዋዜማው ድረስ ነበር የምንደባደበው። አሠልጣኙ ግን ሦስት ዙር ያህል ቀለል አድርጎ አስመታውና «በቃህ፣ ሂድ ተኛ» አለው። የእርስ በርስ ፍልሚያ ካቆሙ አሥር ቀን ሆኗቸዋል። «በአምስት ቀን ውስጥ ጉልበት አይጨመርም፤ ድካም ብቻ ነው የሚጨመረው» አለኝ። ማክሰኞ በገመድ መዝለልና ከጥላ ጋር መቧቀስ፣ ረቡዕ ሰውነት ማፍታታት፣ ከዚያ ዕረፍት። የእግር ጥፍሩን እንዲቆርጥ ሳይቀር ተነገረው። ስንት አፍንጫ በከንቱ አስደምተናል እኛ!

መከራው ያለው ሚዛኑ ላይ ነው። ውሉ 147 ፓውንድ ይላል፤ 67 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። ልጁ ሰኞ 157 ነበር። ለአሠልጣኙ ግን 151 ነኝ ብሎታል።

ረቡዕ ሌሊት ከሥራ ስገባ የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቷል። በሩን ብከፍተው እንፋሎቱ ዓይኔን ጋረደው። ልጁ በሚፋጅ ውሃ ውስጥ ተዘፍቆ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ተቀምጧል። የላስቲክ የላብ ልብሱ መሬት ላይ ተጥሏል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ላብ እያወጣሁ ነው ጋሼ። ስድስት ፓውንድ ይቀረኛል።»

«ውሃ መቼ ጠጣህ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«አሠልጣኝህ ያውቃል?»

ዝም አለ። ከዚያ «ለእማዬ እንዳትነግራት» አለኝ።

ወሸባ መስሏችሁ የምትስቁ ካላችሁ አትሳቁ። እዚሁ አሜሪካ በ1997 መጨረሻ፣ በአምስት ሳምንት ውስጥ፣ ሦስት የዩኒቨርሲቲ ትግል ተወዳዳሪዎች በላስቲክ ልብስ ተጠቅልለው ክብደት ሲቀንሱ ሞተዋል፤ ያንን ልብስና ሳውናውን ለዩኒቨርሲቲ ታጋዮች የከለከሉት ከዚያ በኋላ ነው። በታኅሣሥ 2015 ያንግ ጂያንቢንግ የተባለ የ21 ዓመት ቻይናዊ ለግጥሚያ ማኒላ ሄዶ ክብደት ሲቀንስ ሞተ። አዘጋጁ ዋን ቻምፒዮንሺፕ ከዚያ በኋላ ከሚዛን በተጨማሪ የተፋላሚዎቹን ሽንት እየመረመረ ውሃ መጠጣታቸውን ማረጋገጥ ጀመረ። በኅዳር 2017 ደግሞ ፐርዝ፣ አውስትራሊያ፣ የ18 ዓመት ልጃገረድ ለዚሁ ለታይ ቦክስ ልትመዘን ሰዓታት ሲቀራት ወድቃ ከቀናት በኋላ አረፈች። ውሃ ሲጠፋ ደሙ ይቀንሳል፣ ልብ ያለ ልኳ ትሮጣለች፣ ላብ ሲያልቅ ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። የእኛ ጾም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ይፈታል።

እውነቱን ልናገር፣ ከውሃው ጎትቼ ካወጣሁት በኋላም ለእናቱ መንገሩ ከብዶኝ ነበር። «ልጄ ጾመልኝ» ያለችበት አፏ እንዴት ይሆናል ብዬ። በእኛ ቤት ስንት ነገር የሚበላሸው እንዲህ በይሉኝታ መሆኑን እያወቅሁ ማለት ነው። ንጋት ላይ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ስትገባ ግን አፈረጥኩት።

አልጮኸችም። ቀጥ ብላ ሄዳ የእጁን ጀርባ ቆዳ ቆንጠር አድርጋ ለቀቀችው። የተነሣው ቆዳ ቶሎ አልተመለሰም። «የሽንትህ መልክ ምን ይመስላል?» አለችው። እንደ ሻይ ነው አላት። ይኼኔ እንባዋ መጣ። «ወንድም ጋሼ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሰው ሽማግሌ ውሃ ጠጡልኝ እያልኩ ስለምን አድራለሁ፤ የገዛ ልጄ በቤቴ በጥም ሊሞትብኝ!»

ስኳርና ጨው ጠብ ያደረገችበትን ውሃ በየጥቂቱ እያጠጣች፣ ልቡ ረገብ ካላለ ሆስፒታል ነው እያለች፣ ሽንቱ እስኪነጣ ድረስ አጠገቡ ቁጭ አለች። ከዚያ ለአሠልጣኙ አስደወለችው። ሰውየው ስለ ውሸቱ ክፉኛ ተቆጣና ለተጋጣሚው አሠልጣኝ ደወለ። ወዲያ ማዶ ያለውም ልጅ ለካ በዚያው ሌሊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል! በ154 ፓውንድ ለመጋጠም ለመስማማት አሥር ደቂቃ አልፈጀባቸውም፤ አዘጋጆቹም ፈቀዱ። ሐኪሙም ከግጥሚያው በፊት መርምሮ አለፈው።

ቅዳሜ ማታ እህቴ «አልመጣም» ስትል ቆይታ መጣች። ታይላንዶች ከፍልሚያ በፊት የጥልፍ አክሊል ራሳቸው ላይ ደፍተው ለመምህራቸው ይሰግዳሉ፤ የእኛ ጀግና በሚፎክርበት ሰዓት እነሱ ይንበረከካሉ። ልጁ ሦስት ጊዜ ግንባሩን መሬት ሲያስነካ እህቴ በጆሮዬ «ይሄንስ ቤተ ክርስቲያን ነው የለመደው» አለችኝ። በነጠላዋ የውሃ ጠርሙስ ጠቅልላ ይዛ ነበር።

በነጥብ ተሸነፈ። ቅልጥሙ አብጦ እያነከሰ ቤት ገባና «እማዬ፣ ሽሮ አለ?» አላት።

«አለ» አለችው፤ «መጀመሪያ ግን ሁዳዴውን ሙሉ እንቁላሉን የት ስትበላው እንደከረምክ ንገረኝ።»