ግዮንን ከዓባይ የነጠለው ካርታ

መጽሐፍ ቅዱስ መጨረሻ ላይ ያሉትን ካርታዎች አብዛኞቻችን ገለጥ አድርገን እናልፋቸዋለን። የእነዚህ ካርታዎች ቅድመ አያቶች፣ የኔዘርላንድ ሰዎች በመዳብ ሰሌዳ ላይ ቀርጸው ያተሟቸው፣ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፉ አይደሉም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህ ነው። ሰባኪው ፔትሩስ ፕላንሲዩስ እ.ኤ.አ. በ1585 ከብራስልስ ሸሽቶ አምስተርዳም ገባ፤ በ1590 ለታተመ የደች መጽሐፍ ቅዱስም ካርታ ሠራ። ከ1637ቱ ይፋዊ የደች መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም በኋላ ሥራውን የካርታ ቀራጮቹ የቪስኸር ቤተሰብና ሌሎችም ተቀበሉት። ገነት፣ የምድረ በዳው ጉዞ፣ ከነዓን፣ ኢየሩሳሌምና የሐዋርያት ጉዞ ዋናዎቹ ካርታዎች ነበሩ። ብዙ ጊዜ ለብቻቸው ተሸጠው፣ መጽሐፉ ሲጠረዝ ይገቡ ነበር።

እኔ የምወደው የገነቱን ነው። ሐበሻ ሲያየው መጀመሪያ የሚፈልገው ግዮንን ነው፤ ግዮን ደግሞ ለእኛ ዓባይ ነው፣ ኢትዮጵያን የሚከበው። አንድ ወዳጄ ሳሎኑ ውስጥ ሰቅሎት ሳለ፣ ግዮንን ባቢሎን አጠገብ ሲያገኘው «ድሮ ዓለምን መቼ ያውቁ ነበር!» ብሎ ሳቀ። ብዙ ሰው እንዲሁ ይላል፤ ተሳስቷል። ፕላንሲዩስ በ1602 ለተቋቋመው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የባሕር ካርታ ያዘጋጀ፣ መርከበኞችንም ያስተማረ ሰው ነው። ዓባይ የት እንደሚፈስ አልጠፋውም።

ነገሩ የንባብ ጉዳይ ነው። ዘፍጥረት ምዕራፍ 2 ከዔደን የሚወጣው ወንዝ በአራት ይከፈላል ይላል። ከአራቱ ጤግሮስና ኤፍራጥስ የታወቁ ናቸው። ታዲያ ዓባይ ከእነሱ ጋር እንዴት ይገናኛል? የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪው ካልቪን በዘፍጥረት ማብራሪያው መላ አበጀ፦ ሁለቱ ወንዞች ከላይ ወርደው ይገናኛሉ፤ ከታች ደግሞ ለሁለት ተከፍለው ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ይገባሉ። የታችኞቹን ፊሶንና ግዮን አላቸው። ግዮን ወደዚያ ሲሄድ የሚከበው የኩሽም (የኢትዮጵያ) ምድር ወደ ዐረብ አገር ተጠጋ። የኔዘርላንድ ቀራጮች ይህን ሐሳብ ተከትለው አራቱን ክንዶች በመዳብ ላይ ቀረጹ። እኔ በክርክሩ አልተረታሁም፤ ግዮኔን ከምንጩ ከግሽ ዓባይ አላነሣም። ግን አላዋቂነት ነው ማለት ግፍ ነው። ካርታው በመስመር የተጻፈ አንድምታ ነው።

የምድረ በዳውም ካርታ እንዲሁ ነው። ዘኍልቍ 33 የዘረዘራቸውን ሰፈሮች ተከትሎ መስመሩ ከራምሴ ይነሣል፤ ባሕሩን ተሻግሮ ወደ ሲና ይወርዳል፤ ወደ ሰሜን ወጥቶ ከነዓን ደረስኩ ሲል ተመልሶ እስከ ዔጽዮንጋብር ይጠመዘዛል። በጣት ሲከተሉት አርባው ዓመት ለምን እንደረዘመ ይገባል።

አንድ ቅሬታ አለኝ። ነጋዴዎች እነዚህን ካርታዎች ከመጽሐፋቸው እየገነጠሉ ለግድግዳ ጌጥ ይሸጧቸዋል። መሐል ላይ የሚታየው የእጥፋት መስመር ከጥራዝ የወጡ ለመሆናቸው ብዙ ጊዜ ምስክር ነው። ከምዕራፉ የተለየ ካርታ ደግሞ ጥያቄው የጠፋ መልስ ይሆናል። ስለዚህ እባካችሁ፣ የተገነጠለ አትግዙ፤ ቤተ መጻሕፍት ወይም ሙዚየም ስታገኙትም ከመሳቃችሁ በፊት ምዕራፉን አንብቡ።