አቧራው በማዘዣ ወረቀት አይቆምም

በቅርቡ አንዲት እናት የአራት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ ምርመራ ክፍሌ መጡ። ልጁ አስም አለበት። የሚሳበውን መድኃኒት በአግባቡ ይወስዳል፤ ሆኖም በአንድ ወር ውስጥ ለሦስተኛ ጊዜ ትንፋሽ አጥሮት ነበር። «ቤትዎ አጠገብ ምን አለ?» ስላቸው፣ «ትልቅ አፓርታማ እየተሠራ ነው፤ መስኮት ብንዘጋም አቧራው ይገባል» አሉኝ።

ውድ አንባቢያን፣ ኮንክሪት፣ ድንጋይና ሴራሚክ በደረቁ ሲቆረጥ ሲሊካ የያዘ፣ በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ወደ ሳንባ ጠልቆ ይገባል። ለዓመታት የሚተነፍሱት ሠራተኞች ሲሊኮሲስ ለተባለ ፈውስ ለሌለው የሳንባ በሽታ ይጋለጣሉ፤ በቲቢ የመያዝ ዕድላቸውም ይጨምራል። በጎረቤት ያሉ አስም ያለባቸው ሰዎችን ደግሞ የግንባታ አቧራ ሕመማቸውን ይቀሰቅስባቸዋል።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 299 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልጋቸው ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት ጉዳቱን እንዴት እንደሚቀንሱ በሰነድ እንዲያቀርቡ ይደነግጋል። የአካባቢ ኦዲት ማለት በወረቀት የተገባው ቃል በሥራ ላይ መዋሉን ቦታው ድረስ ሄዶ ማረጋገጥ ነው። እኛ ሐኪሞች መድኃኒት አዝዘን ቀጠሮ የምንሰጠው ታካሚው መሻሉን ለማየት ነው። ኦዲትም ለግንባታው እንዲሁ ነው።

እርስዎም በአጠገብዎ ያለውን ግንባታ ሲያዩ የሚከተሉትን ያስተውሉ። ድንጋይና ሴራሚክ የሚቆረጠው ውሃ እየፈሰሰበት ነው? ሕንፃው በመከለያ ተሸፍኗል? አሸዋ የጫኑ መኪኖች ሸራ ለብሰዋል? ሠራተኞቹ የአፍንጫና የአፍ መሸፈኛ አድርገዋል? የመጸዳጃ ፍሳሹስ የት ይሄዳል?

መልሱ ካላረካዎ በመጀመሪያ የግንባታውን ኃላፊ ያነጋግሩ። ካልተስተካከለ ቀኑን ጽፈው፣ ፎቶግራፍ አያይዘው ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ። በዚያው ዓመት የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ማንኛውም ሰው በግሉ መጎዳቱን ማሳየት ሳይጠበቅበት አቤቱታ እንዲያቀርብ ፈቅዷል። በ30 ቀናት ውስጥ ውሳኔ ካላገኘ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ፍርድ ቤት መሄድ እንደሚችልም ደንግጓል።

እስከዚያው በሥራ ሰዓት በግንባታው በኩል ያለውን መስኮት ይዝጉ። ወለሉን በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ። ልጅዎ የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ሳያማክሩ መድኃኒቱን አያቋርጡ። ሲተነፍስ የጎድን አጥንቶቹ መካከል ወደ ውስጥ ከገባ፣ መናገር ካቃተው ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ ጊዜ ሳያጠፉ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት።

ለእናትየዋ ያን ቀን ሁለት ወረቀት ሰጠኋቸው። አንዱ የመድኃኒት ማዘዣ ነው። ሌላው የልጁን ሕመም የሚገልጽ የሕክምና ማስረጃ ሲሆን፣ ከማመልከቻቸው ጋር የሚያያይዙት ነው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ አቧራው ሳንባ ሳይደርስ ግንባታው ላይ ቢገታ ይሻላል።