ያልተቆጠረ ሁሉ የለም ማለት ነውን?

በአፋምቦ ኦቲዝም የለም ማለት እንችላለን? ባለሙያ ያላየው ልጅ አይቆጠርም። በአሜሪካም በፈረስ ጋሪ የሚጓዙት አሚሽ የተባሉ ክርስቲያኖች «ስለማይከተቡ ኦቲዝም የለባቸውም» ተብሎ ብዙ አከራክሯል። ነገር ግን ብዙዎቹ ልጆቻቸውን ያስከትባሉ፤ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችም በመካከላቸው ተገኝተዋል። ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘውን የ1998 እ.ኤ.አ. ጽሑፍም ያወጣው የሕክምና መጽሔት ላንሴት በ2010 ሰርዞታል።

በአገራችን ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ልጃቸውን ከመደበቅ ይልቅ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። እናንተም ልጃችሁ ሲጠሩት ካልዞረ፣ አፉን መፍታት ከዘገየ፣ እርግማን ነው ብላችሁ አትደብቁት፤ ለጤና ባለሙያ አሳዩት። ክትባቱንም አታስቀሩበት፤ ኩፍኝ ሕፃናትን ይገድላል።