ደካማው ሞተሩ ነው ወይስ አየሩ? በአዲስ አበባ ከፍታ የቆየ መኪናን በቤት ውስጥ የመጠገንና የማሻሻል ቅደም ተከተል

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ በካርቡሬተር የሚሠራ የቆየ መኪናን በግቢው ውስጥ ጠግኖ ጉልበቱን ለማሻሻል የተነሣ ሰው በአዲስ አበባ ከፍታ ላይ ሊከተለው የሚገባውን ቅደም ተከተል ያብራራል። ዋናው ነጥብ፣ የአምራቹ የጥገና መመሪያ የያዛቸው ልኬቶች በአብዛኛው ለባሕር ወለል አየር የተሰሉ በመሆናቸው፣ እንዳሉ ሲወሰዱ ጤነኛውን ሞተር ያረጀ አስመስለው ያሳያሉ የሚል ነው። ስለዚህ ከማሻሻያ በፊት ንባብን ለከፍታው ማረም ይገባል። ከፍታው ፍሬንንም የሚያዳክም በመሆኑ፣ ጉልበት ከመጨመሩ አስቀድሞ የማቆሚያው አቅም መረጋገጥ እንዳለበት ጽሑፉ ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ከፍታ፣ የአየር ጥግግት፣ ካርቡሬተር፣ ፍሬን፣ የቆየ መኪና

1. መግቢያ

በአገራችን «ዲኤክስ» በሚል ስም የሚታወቀው ቶዮታ ኮሮላ እ.ኤ.አ. በ1979 ለገበያ የቀረበው ትውልድ ነው። «4ኬ» የተባለው ባለ አራት ሲሊንደርና 1,290 ሲሲ ሞተሩ ነዳጁን በካርቡሬተር ያገኛል፤ ጉልበቱንም ወደ ኋላ ጎማዎች ያደርሳል። አንድ ቶን የማይሞላው ክብደቱና የኋላ ጎማ አነዳዱ እ.ኤ.አ. በ1983 ከወጣውና በፈጣን መኪና አፍቃሪዎች ዘንድ በዓለም ዙሪያ ከታወቀው «ኤኢ86» ኮሮላ ጋር በአሠራር ያቀራርቡታል። በርካታ ወጣቶች ዲኤክስን ለማሻሻል የሚመርጡትም ስለዚሁ ነው።

ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ደስታ ብቻ አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ጥሏል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። በመሆኑም በእጅ ያለው አሮጌ መኪና ለብዙ ቤተሰብ በቀላሉ የማይተካ ሀብት ሆኗል። እንዲህ ባለው ሀብት ላይ የሚሰጥ የተሳሳተ ፍርድ ዋጋው ከባድ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መነሻም አንድ እንዲህ ያለ ፍርድ ነው። አቅራቢው ከአባቱ የተረከበው ዲኤክስ ዳገት ላይ ይደክም፣ ጥቁር ጭስም ይተፋ ነበር። የታየበት ጋራዥ የሲሊንደሮቹን እመቃ ለክቶ ከመመሪያው ቁጥር ጋር ካነጻጸረ በኋላ «ሞተሩ ካልወረደ በቀር መፍትሔ የለውም» አለ። የጥገናው ዋጋ ከቤተሰቡ አቅም በላይ ስለነበር ሞተሩ ሳይወርድ ቆየ። ኋላ ላይ ነገሩ በእርጋታ ሲመረመር ያረጀው ሞተሩ እንዳልነበረ ታወቀ።

2. ከፍታው ከሞተሩ የሚወስደው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በባሕር ወለል 101 ኪሎፓስካል የሆነው የአየር ግፊት በዚህ ከፍታ ወደ 76 ኪሎፓስካል ይወርዳል። የአየሩ ሙቀት ተመሳሳይ ነው ብንል ጥግግቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ ማለትም አንድ ሲሊንደር በእያንዳንዱ ስበት የሚያገኘው አየር በባሕር ወለል ከሚያገኘው 75 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። አየርን በራሱ ስበት ብቻ የሚያገኝ ሞተር የሚያመነጨው ጉልበት ከሚስበው አየር ክብደት ጋር ስለሚመጣጠን፣ በባሕር ወለል 100 የፈረስ ጉልበት የነበረው እዚህ ወደ 75 ቢወርድ የሚያስገርም አይደለም።

ይህ ኪሳራ ማንም ሊጠግነው የሚችለው ብልሽት አይደለም። በእርግጥ የሚጠገነው በዚህ ላይ የሚደረበው ተጨማሪ ኪሳራ ነው፦ የወፈረ ድብልቅ፣ የዘገየ ማቀጣጠያ፣ የተዘጋ ማጣሪያ፣ አየር የሚያስገባ ጓርኒሲዮን። የቤት ውስጥ ሥራ የመጀመሪያ ተግባር ሁለቱን መለየት ነው።

3. ንባብን ማረም

የእመቃ መለኪያ በካንዴላው ቦታ ገብቶ የሚያሳየው ቁጥር በዙሪያው ካለው አየር ግፊት በላይ ያለውን ልዩነት ነው። መመሪያው ለምሳሌ 12 ባር ይላል እንበል። ይህ በባሕር ወለል በፍጹም ግፊት ሲሰላ 13 ባር ገደማ ነው። ፒስተኑ ሲጀምር ያገኘው አየር 75 በመቶ ብቻ ከሆነ የመጨረሻው ፍጹም ግፊት ወደ 9.8 ባር ይወርዳል፤ ከዚህ ላይ የአዲስ አበባ የአየር ግፊት 0.76 ባር ሲቀነስ መለኪያው 9 ባር ገደማ ያነባል። እንግዲህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ሞተር ከመመሪያው በሦስት ባር አንሶ ይታያል። ከላይ የተጠቀሰው ጋራዥ የሰጠው ፍርድ የተመሠረተው በዚሁ ልዩነት ላይ ነበር።

ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ የሲሊንደሮቹ እርስ በርስ መቀራረብ የበለጠ ይናገራል። አራቱም ተቀራራቢ ንባብ ካላቸው፣ በእርማቱም መሠረት ከሚጠበቀው ካልራቁ፣ ሞተሩ አይወርድም። አንዱ ብቻ ዝቅ ካለ በካንዴላው ቀዳዳ ጥቂት የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ይበቃል፦ ንባቡ ከፍ ካለ የፒስተን ቀለበቶች ማለቃቸውን፣ ካልተለወጠ ደግሞ ቫልቭ በደንብ አለመግጠሙን ወይም ጓርኒሲዮን መቃጠሉን ያመለክታል። ልኬቱ ትክክለኛ የሚሆነው ሞተሩ ሲሞቅ፣ አራቱም ካንዴላዎች ሲወጡ፣ የነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥና ባትሪው ሙሉ ሲሆን ነው።

የሞተሩን የአየር ስበት የሚለካ ሰውም ተመሳሳይ እርማት ማድረግ አለበት። ሞተሩ በሚኒሞ ሲዞር የሚታየው ንባብ ከመመሪያው በ25 ኪሎፓስካል ገደማ ቢያንስ የከፍታው ውጤት ነው፤ መርፌው ቢንቀጠቀጥ ግን የሞተሩ ችግር ነው።

4. ካርቡሬተርና ማቀጣጠያ

ካርቡሬተር የአየሩን ክብደት አይመዝንም። አየሩ በጠባቡ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚፈጠረው የግፊት መቀነስ ነዳጁን በጂግለሩ ቀዳዳ ስቦ ያወጣዋል። የአየሩ ጥግግት ሲቀንስ የሚያልፈው አየር ክብደት በቀጥታ ይቀንሳል፤ የሚሳበው ነዳጅ ግን የሚቀንሰው በጥግግቱ ካሬ ሥር መጠን ብቻ ነው። ጥግግቱ 0.75 ሲሆን ካሬ ሥሩ 0.87 ነው። በመሆኑም ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር አዲስ አበባ ላይ ድብልቁን 15 በመቶ ያህል ያወፍረዋል። ጥቁሩ ጭስ፣ በደረቅ ጥላሸት የተለበጠው ካንዴላና የቤንዚን ፍጆታው መብዛት ከዚህ ይመነጫሉ።

የእርማቱ ስሌት ቀላል ነው። የጂግለሩ ቀዳዳ ስፋት ወደ 87 በመቶ፣ ዲያሜትሩም ወደ 93 በመቶ መውረድ አለበት፤ ለምሳሌ 1.10 ሚሊሜትር የነበረው ወደ 1.02 ሚሊሜትር። ስሌቱ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም፤ የመጨረሻው ዳኛ ዳገት ከተወጣ በኋላ የሚታየው የካንዴላ ቀለም ነው። ጥቁር ከሆነ ድብልቁ ወፍሯል፣ ከነጣ ሳስቷል፣ ቡናማ ወይም ግራጫማ ከሆነ ተስማምቷል። «ጉልበት ይጨምራል» ተብሎ ጂግለርን በመሰርሰሪያ የማስፋት ልማድ በዚህ ከተማ ከሚያስፈልገው ፍጹም ተቃራኒ መሆኑ ከዚህ ግልጽ ነው። በአቅራቢው መኪና ላይ የተገኘውም ይኸው ነበር፤ ቀደም ሲል የሰፋው ጂግለር በአነስተኛ ሲተካና በካርቡሬተሩ ሥር አየር ያስገባ የነበረው ጓርኒሲዮን ሲቀየር ጭሱ ጠፋ፣ የዳገቱም ድካም በእጅጉ ቀነሰ።

ማቀጣጠያም ከአየሩ ጋር ይያያዛል። ጥግግቱ ያነሰ ድብልቅ በዝግታ ይቃጠላል፤ የሞተሩ ስበት ስለሚቀንስም በስበት የሚሠራው የማቀጣጠያ ማስቀደሚያ የሚሰጠው ዲግሪ ያንሳል። ስለዚህ ስፒንትሮጅኖውን በሁለትና በሦስት ዲግሪ ማስቀደም ብዙ ጊዜ ይጠቅማል፤ ሞተሩ በጭነት ጊዜ የመንኳኳት ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ መመለስ አለበት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሊዘለል አይገባም። ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሞተር ወደ አዋሽ ሲወርድ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር በማይሞላ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚያ አየሩ ስለሚወፍር ድብልቁ ይሳሳል፣ መንኳኳትም ይመጣል፣ ቫልቭና ፒስተን የመቃጠል አደጋ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ የቀድሞው ጂግለር አይጣልም፤ የማቀጣጠያው የቀድሞ ምልክትም አይጠፋም። ወደ ቆላ ለሚደረግ ረጅም ጉዞ ሁለቱንም ወደ ቦታቸው መመለስ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው።

5. ማቀዝቀዣ

በአዲስ አበባ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። የራዲያተሩ ክዳን በ0.9 ባር የሚይዝ ከሆነ ግን የመፍያ ነጥቡ ወደ 114 ዲግሪ ከፍ ይላል። ላስቲኩ የደረቀ አንድ ክዳን ይህን ሁሉ ልዩነት ያሳጣል፤ መኪናው «ይሞቃል» ሲባል በቅድሚያ የሚፈተሸው እርሱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ክዳኑ ሳይታይ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣላል። ይህ በደጋው አየር ሞተሩ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ እንዳይደርስ፣ ነዳጅ እንዲያባክንና ሲሊንደሮቹ ቶሎ እንዲያልቁ ያደርጋል።

6. ፍሬን ይቅደም

የፍሬን ማገዣ የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ስበት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት ከ101 ወደ 76 ኪሎፓስካል ሲወርድ፣ ከሞተሩ በኩል ያለው ፍጹም ግፊት 20 ኪሎፓስካል ነው ብንል፣ ልዩነቱ ከ81 ወደ 56 ይወርዳል፤ ማገዣው ከሚሰጠው ኃይል ሲሶ ያህሉ ይጠፋል። አሽከርካሪው ይህን የሚያካክሰው በእግሩ ነው።

ከተማዋ ደግሞ ቁልቁለታማ ናት። ከነተሳፋሪው 1,200 ኪሎግራም የሚመዝን መኪና ከእንጦጦ 400 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ 4.7 ሜጋጁል ኃይል ይለቃል፤ ይህ 15 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንሥቶ እዚሁ ከተማ ለማፍላት የሚበቃ ነው። በከባድ ማርሽ ካልተወረደ ከዚህ አብዛኛው በፍሬኑ ላይ ያርፋል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ይቋቋማል፤ እርጥበት ሲስብ ግን መፍያው እስከ 140 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ከፈላ እንፋሎቱ ይታመቃል፣ ፔዳሉም ሳይዝ ወለል ይነካል። የአንድ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት ዋጋና የጎማ ሲሊንደሮችን ላስቲክ ለመለወጥ የሚወስደው ከሰዓት በኋላ ከዚህ ጋር ሲነጻጸሩ ምንም ናቸው።

ሥራው የሚጀመረው መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጽኑ መቆሚያ ላይ ካረፈ በኋላ ብቻ ነው። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር መግባት በምንም ምክንያት አይፈቀድም።

7. ጉልበት መጨመር

ከዚህ ሁሉ በኋላ የማሻሻያ ጥያቄ ትርጉም ያገኛል። ማርሚታ መቁረጥ ከድምፅ በቀር የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሞላን በእሳት አሙቆ ማሳጠር ብረቱን ያዳክማል፤ በማይመች መንገድም መሪውን ያናውጣል። ትርጉም ያለው ለውጥ የሚመጣው ከሞተር ልወጣ ነው፤ የኤኢ86 «4ኤ-ጂኢ» ሞተር 1,587 ሲሲና 16 ቫልቮች ያሉት ሲሆን፣ ነዳጁ በኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ስለሚመጠን ከፍታን ከካርቡሬተር ይልቅ በተሻለ ይቋቋማል። ሆኖም በሰዓት 60 ኪሎሜትር ይሄድ የነበረ መኪና በ80 ሲሄድ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል በ1.8 እጥፍ ገደማ ያድጋል። ስለዚህ የተጨመረው ጉልበት በፍሬን፣ በአሞርዛተርና በጎማ ካልተደገፈ ማሻሻያ ሊባል አይችልም።

8. ማጠቃለያ

በቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው የላቦራቶሪ መሣሪያ የለውም፤ ሥርዓት ግን ሊኖረው ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ፣ ከለውጡ በፊትና በኋላ በአንድ ዳገትና በአንድ ጭነት መፈተን፣ ያየውንም በደብተር ማስፈር ማንኛውንም ተመራማሪ የሚገዛ ሥርዓት ነው። ቅደም ተከተሉም ግልጽ ነው፦ መጀመሪያ ንባቡን ለከፍታው ማረም፣ ቀጥሎ ፍሬኑንና ማቀዝቀዣውን ማደስ፣ ከዚያ ድብልቁንና ማቀጣጠያውን ማስተካከል፣ በመጨረሻ ጉልበት መጨመር። «ሞተሩ ይውረድ» የተባለው መኪና ዛሬም ሳይወርድ ያንኑ ዳገት ይወጣል፤ የተለወጠው የአንድ ጂግለርና የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋ ብቻ ነው።