የዳነ እጅ ወደ እርሻው ይመለስ

የይምርሐነ ክርስቶስ አገር ዳገቱ ድንጋይ ነው። የሥጋ ደዌ የያዘው ሰው ግን ድንጋይ እግሩን ሲቆርጠው፣ እሳት እጁን ሲያቃጥለው ላይሰማው ይችላል። በሽታው ሕመምን የሚያስታውቀውን ነርቭ ይጎዳልና። ጣት የሚያጥረው በሽታው ስለበላው አይደለም፤ ያልታወቀ ቁስል ስላመረቀዘ ነው።

የሥጋ ደዌ በ6 ወይም በ12 ወር መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱም በነፃ ነው። የሞተ ነርቭ ግን ሁልጊዜ አይመለስም። ታዲያ የዳነው ገበሬ እንዴት ይረስ? ባለቤቱስ እንዴት ቡና ታፍላ?

ሰውን ወደ ዕለት ሥራው የሚመልስ ሕክምና አለ። በ1958 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተቋቋመው አለርት ይህን ሲሰጥ ኖሯል። ትምህርቱ ቀላል ነው፦

ዕርፉንና የማጭዱን እጀታ በጨርቅ ጠቅልሉ።
ጀበናና ድስት በጨርቅ ያዙ።
ውስጡ ለስላሳ ጫማ አድርጉ።
ማታ ማታ እጅና እግራችሁን በዓይናችሁ መርምሩ፤ በውሃ ዘፍዝፋችሁ ቅባት ቀቡ።
ቁስል ካያችሁ አሳርፉት።

ሕክምና የጀመረ ሰው በሽታውን አያስተላልፍም። ስለዚህ ከደቦ አታግልሉት። ቆዳው ላይ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ያየም ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቶሎ የታከመ ከማሳው አይለይም።