ፊልም መሥራት አንድ ነገር፣ መሸጥ ሌላ ነገር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዚህ ዓምድ ስለ መንገድ፣ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ ብዙ ተጽፏል። እኔ ደግሞ ስለ ፊልም ንግድ ጥቂት ቃል እናገር ዘንድ ሥፍራ እንዲሰጠኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዩ የጨዋታ ነገር መስሎ የሚታየው ሰው ይኖር ይሆናል፤ ነገር ግን ወጣቶች እንጀራ ሊበሉበት የሚሹት ሥራ ስለሆነ ጨዋታ አይደለም።

እኔ ባለሁበት በሐርተሼክ ያስተማርኋቸው ልጆች ከሁለት ዓመት በፊት በአንድ የእጅ ስልክና በተዋሱት ማይክሮፎን በሶማሊኛ የአርባ ደቂቃ ፊልም ሠሩ። ሥራው ስድስት ወር ፈጀ። ሽያጩ ግን በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ይኸውም በዩቱብ ብዙ ተከታይ ያለው አንድ ሰው ጥቂት ሺሕ ብር ሰጥቶ ያለ ውል ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ፊልሙ የሚታየው በእርሱ ስም ነው፤ ልጆቹ በራሳቸው ገጽ ቢያወጡት «የሌላ ሰው ንብረት ነው» ተብሎ ወረደባቸው።

በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብት የሚገኘው ሥራው በመሠራቱ ነው፤ ምዝገባ ግዴታ አይደለም። ሆኖም ክርክር ሲመጣ ማስረጃ የሌለው ሰው ምን ይላል? ድርሰቱን፣ ያልተቆረጠውን ቀረጻና የተዋንያኑን ስምምነት በጽሑፍ አስቀምጦ ሥራውን በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ከጭቅጭቅ ያድናል።

መብትን በእጅ ማቆየት ምን እንደሚጠቅም ከኃይሌ ገሪማ የበለጠ ምስክር አላውቅም። «ሳንኮፋ» በፈረንጅ አቆጣጠር በ1993 በበርሊን ከታየ በኋላ የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን አንፈልግም አሉት። እርሱም በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይቶ ራሱ አሳየው፤ ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄደ፤ በሌሎች ከተሞችም የአካባቢው ማኅበረሰብ ሰዎች እየተባበሩ አሳዩለት። በኋላም በሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት በዚያው በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈተ። ያ ፊልም ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ በኔትፍሊክስ ታየ።

ኃይሌ በእግሩ የሄደውን ዛሬ በስልክ መሄድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ብዙዎች ፊልሙን ከጨረሱ በኋላ ተመልካች ይፈልጋሉ፤ ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ቀረጻው ሲጀመር አንሥቶ በቴሌግራምና በቲክቶክ አጫጭር ቁራጭ እያሳዩ ሰው መሰብሰብ ይገባል። ሂሳቡንም ተመልከቱ፦ ዩቱብ የማስታወቂያ ገንዘብ ለማካፈል 1,000 ተከታይና በ12 ወር ውስጥ 4,000 ሰዓት የታየ ሥራ ይጠይቃል። የአርባ ደቂቃ ፊልም ይህን ለመሙላት 6,000 ጊዜ ከዳር እስከ ዳር መታየት አለበት፤ ከዚያም በኋላ ከማስታወቂያው ገቢ 45 በመቶው የዩቱብ ነው። በአንጻሩ 300 የታወቁ ሰዎች 50 ብር እየከፈሉ ቢያዩት 15,000 ብር ይሆናል። ስለዚህ ፊልሙ አስቀድሞ ለከፋይ፣ ቆይቶ በነጻ ለሁሉ ቢወጣ ይሻላል።

የሐርተሼክ ልጅ ደግሞ ገበያው ሰፊ ነው። በ1980 ዓ.ም. ከሐርጌሳ ጦርነት የሸሹትን የተቀበለውና በ1996 ዓ.ም. የተዘጋው የስደተኞች ሰፈር በዘመኑ በዓለም ካሉት ታላላቆች አንዱ ነበር፤ በዚያ ያደጉ ሰዎች ዛሬ በሐርጌሳም በባሕር ማዶም አሉ። ስለዚህች ከተማ የሚናገር ፊልም ለእነርሱ የልጅነት ነገር ነው። ሶማሊኛም በዓለም መድረክ አያሳፍርም፤ የኻዳር አይዴሩስ አሕመድ «የመቃብር ቆፋሪው ሚስት» በ2021 በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወስዷል።

የሚያስቸግረው ገንዘቡን መቀበሉ ነው። እኛ ቴሌብር ለምደናል፤ የሐርጌሳ ሰው ዛድ ለምዷል፤ የሚኒያፖሊሱ ደግሞ በካርድ ይከፍላል። ለጊዜው በየከተማው አንድ የታመነ ዘመድ ገንዘቡን ተቀብሎ ቢያስተላልፍ ይቻላል፤ በዚህ አገር ንግድ እንዲህ ያለው አደራ እንግዳ ነገር አይደለም። የባንክ ባለሙያ የሆኑ አንባብያን ግን ከዚህ የቀና መንገድ የሚያውቁ ከሆነ በዚሁ ዓምድ ቢጽፉልን፣ ልጆቹ ሁለተኛውን ፊልም ጀምረዋልና፣ ወደ ሥራ እናውለዋለን።

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከሐርተሼክ